ለአራስነት የተቀመጠው ቅቤ

ቡታጅራ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 18

የጡቴ ወተት ከመድኃኒቱ የመጣ ነው አለችኝ ነርሷ። ተመረመርኩ፤ እርግዝና የለም።

ከአእምሮ ሕክምና ክፍል የሰጡኝን ክኒን ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። የወር አበባዬ ከቀረ ደግሞ ሦስት ወር። ሁለቱ ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጡቴ ወተት ሲያወጣ "አልሐምዱሊላህ" ብዬ አለቀስኩ፤ በተጋባን በስድስተኛው ዓመት! የሰው ዐይን ፈርቼ እስከ ዛሬ ሳልመረመር ቆየሁ።

ነርሷ ካርዴን እያገላበጠች "እህቴ፣ ይሄን አልነገሩሽም እንዴ?" አለችኝ። የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፤ እንዳታቋርጪ። እኔም አላቋረጥኩም።

በባጃጅ ስመለስ መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ ቀይ ውሃ መስሎ ታየኝ፤ እኛም በላዩ የምንንሳፈፍ። ሦስቱን ወር የኖርኩት እንዲሁ ነው፣ እግሬ መሬት ሳይነካ። ልጁ አንዳንዴ በሕልሜ ይመጣና ጣቴን ይይዘኝ ነበር። ስነቃም ሙቀቱ እጄ ላይ ይቆያል።

ቤት ስገባ የባለቤቴ እናት "ምን አሉሽ ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ።

"መድኃኒቱን ሊቀይሩልኝ ነው" አልኳቸው። እሱስ እውነት ነው።

እሳቸው ቀና ብለው ለአራስነቴ ቅቤ ያስቀመጡበትን ማሰሮ አዩ። "እስክትወልጂ እየቆየ ይጣፍጣል" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

ወተቱ ቀስ እያለ ይደርቃል ብላኛለች ነርሷ። አሁን ይህን ስጽፍ የጎረቤት ሕፃን አለቀሰ፤ ቀሚሴ ደረቱ ላይ ረጠበ።