የሌለችኝ እህት ልጆች

ኅዳር 9

ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። ለጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም ጨርቅ። ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ከባሕሩ ዳር፣ ከዚያኛው አገር። ሟቹ ባሌ ከተወልኝ አፓርታማ ሥር የምትኖረው ጎረቤት ናት።

«የእህትሽ ልጆች ጨዋ ናቸው፣ አልዋሽም» አለች። «ግን ሲሮጡ ጣሪያው እላዬ ላይ የሚወርድ ይመስለኛል። እስቲ አንድ ነገር በያቸው።»

እሺ ብዬ ዘጋሁ።

እህት የለኝም።

ኅዳር 10

ለባሌ ወንድም ደወልኩ። እዚያው ከተማ ስለሚኖር ቤቱን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤቱ እንደተዘጋ ነው... እሱ እንደሚለኝ።

«ቤቱ ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል እትዬ፣ ዝግ ነው። በዚህ ብርድ ማን ሊመጣ ነው ብለሽ?»

ማን ይመጣል ብዬ መቼ ጠየቅሁት? ያልጠየቅሁትን መለሰልኝ። ደግሞ ሳቀ። ሳቁ የባሌ ሳቅ ነው። ችግሩም ይሄ ነው። እሱን ስጠረጥር ሟቹን የጠረጠርኩ ይመስለኛል።

ኅዳር 14

ደንበኛዬ የሆነች የሂሳብ ባለሙያ መጋረጃዋን ልትወስድ መጣች። ቤቱ ተከራይቶ ይሆናል ብዬ፣ ነገሩን የጓደኛዬ አስመስዬ ጠየቅኋት። ለምን ዋሸሁ? ምን አፈርኩ?

«ለእረፍት ለሚመጣ ሰው ማከራየት እዚያ ፈቃድ ይፈልጋል» አለች። «እንግዳ በገባ ቁጥር ለፖሊስ ማስመዝገብ አለ። የኪራዩን ግብር እዚያ መክፈል አለ። ከዚያ እዚህም ገቢውን ማሳወቅ ነው። እዚያ የተከፈለውን ሊቀንሱላት ይችላሉ፤ ዝም ማለት ግን አይቻልም።»

«ያከራየው ሌላ ሰው ቢሆንስ? እሷ ሳታውቅ?»

«ቤቱ በማን ስም ነው?»

«በእሷ።»

«እንግዲያው የሚጠሩት እሷን ነው።» መጋረጃውን ታቅፋ በሩ ላይ ዞር አለች። «ጓደኛዎን ቶሎ ይሂዱ ይበሉልኝ። እንዲህ ያለ ቤት ያሽጋሉ።»

ነቅታብኛለች። ፊቴ ላይ ምን አየች?

ኅዳር 17

የባሌ ወንድም አልደወለም። ሌላ ጊዜ በሳምንት ሁለቴ ይደውል ነበር።

ኅዳር 21

ሳልነግረው ባሕሩ ዳር መጣሁ። ጥቁር ካፖርት፣ በብብቴ የቤቱን ወረቀቶች የያዘ ፋይል። አንኳኳሁ። የገዛ በሬን።

አንዲት ሴት ከፈተች። ፀጉሯ እርጥብ ነው። ፋይሉን አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። ምንም ሳልላት፣

«የቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ ነኝ» አለች። «ቤተሰብ ነን። ኪራይ ምናምን የለም።»

«አክስትሽ እንዴት ናቸው?» አልኳት። ከየት መጣልኝ?

«ደህና ናቸው። ወገባቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ።»

ወገቤን ያመኛል። ይቺን እንኳ ሳይቀር ነግሯቸዋል።

«ደግ ናቸው?»

«በጣም። እኛን እንደ ልጆቻቸው ነው የሚያዩን።»

ከኋላዋ ሁለት ልጆች በፎጣ ተጠቅልለው አፍጥጠውብኛል። ትንሿ፣ «እማዬ፣ ተቆጣጣሪ የተባለችው ይቺ ናት?» አለች።

በር ተሳስቻለሁ ብዬ ወረድኩ። እኔ ነኝ ማለት ለምን አቃተኝ? እሷ ያለቻት አክስት ደስ ብላኝ ይሆን... እኔን አትመስልም።

ኅዳር 22

የባሌን ወንድም ሻይ ቤት አገኘሁት። ሲያየኝ አልደነገጠም። ጎረቤትየዋ ነግራዋለች ማለት ነው። ለሁለታችንም ታገለግላለች?

«ለቤቱ ብዬ ነው፣ እትዬ» አለ። «የተዘጋ ቤት ይሻግታል። በረንዳው ሊወድቅ ነበር፣ በኪራዩ አሠራሁት። ሂጂና እዪው።»

«ፈቃድስ?»

«ዘመድ ፈቃድ ያወጣል እንዴ? ሲመጡ በር ላይ አስጠናቸዋለሁ። የወገብሽን፣ የስፌትሽን። ቋንቋችንን የማይሰማ አንድ ሰውዬ እንኳ የአጎትሽ ልጅ ሆኖ ነው የከረመው።»

መሳቅ አልፈለግሁም። ሳቅሁ።

«ከእኔስ ለምን ደበቅክ?»

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።»

ይሄኛው እውነት ነው። ቢያንስ ይሄኛው። ከበረንዳው የተረፈው የት እንደገባ አልጠየቅሁም። ልጠይቅ እንደሆነ ግን ገብቶታል።

ነገ ግብር ቢሮ ልሄድ ነው አልኩት። «አብረን» አለ። ሊያግዘኝ ነው ወይስ አፌን ሊጠብቅ?

ኅዳር 23

የግብር ቢሮው ሠራተኛ ወጣት ናት። ጉንፋን ይዟታል።

«ፈቃድ ለማውጣት ነው?»

«አዎ።»

«እስከ ዛሬ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበረ?»

«ነበረ።»

«ዘመድ ከሆነ፣ ሳይከፍል የተቀመጠ ከሆነ፣ እኛን አይመለከትም። ከዛሬ እንጀምርልዎታለን።» ጠበቀች።

ከጠረጴዛው ሥር የባሌ ወንድም ጉልበት ጉልበቴን ነካ። አንድ ቃል ነው የቀረው። ዘመድ ብል ማንም አይጠራኝም፣ እሱንም የሚጠይቀው የለም። እውነቱን ብል ቅጣት አለ። ፈቃዱን ይከለክሉን ይሆናል። ቤቱንም... ባሌ በየክረምቱ መስኮቱን ራሱ ይቀባው የነበረውን ቤት። ዛሬ ዘመድ ካልኩ ደግሞ ከእንግዲህ በሩ ላይ የማስጠናው እኔ ነኝ።

«ኪራይ ነው» አልኩ። «ሁሉም ከፍለዋል። ያስገባቸው እሱ ነው፣ ቤቱ የእኔ ነው።»

«ከመካከላቸው ዘመድዎ የሆነ የለም?»

«አንድም። ዘመዴ ይሄ ነው።»

ወደ እሱ አመለከትኩ። አንገቱን ደፍቷል።

ቅጣቱ በኋላ ይነገራችኋል፣ ፈቃዱ እስኪወሰን ማንም አይግባ ተባልን። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘ። ታች ደረስን፣ አልለቀቀኝም። መንገዱን ተሻገርን፣ አሁንም።

«ያን ሁሉ ዘመድ አፍርቼልሽ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን በእኔ ብቻ ቀረሽ።»

ቀልድ ይሁን ቂም መለየት አቃተኝ። ክንዴን ግን አላስለቀቅሁም።