በድንኳኑ ሥር የቀረ ዘር

ለጅግሶ፣ ለልጄ አባት፤

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? የእኛን ልንገርህ። ልጃችን ምሕረት ደህና ናት፣ ትምህርቷንም አላቋረጠችም። እኔም በልቼ አድራለሁ። ከተለየኸን ዓመት አልፎ መንፈቅ ሊደፍን ነው። ዲላ ያለ ሰው ሁሉ «ትለምጂዋለሽ» ብሎኝ ነበር። የለመድኩት ነገር ቢኖር ማታ አንተን ሳልጠብቅ በሩን መቀርቀር ብቻ ነው፤ እሱንም አንዳንዴ እረሳውና ክፍት ትቼው እቆያለሁ።

ልጽፍልህ አልፈለግሁም ነበር። ቂም ይዤብህ ነው የከረምኩት። ቆላ ወርደህ ወባ ይዞህ ስትመለስ፣ ጥርስህ እየተንገጫገጨ «ድካም ነው» አልከኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ ነገ አልከኝ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ። ሰው ስለ ደግነትህ ሲያወራ እኔ ስለዚያ እልክህ አስባለሁ። አሁን ግን የግድ መንገር ያለብኝ ነገር መጥቷል። ከእኔ ሌላ ማንም እንዲነግርህ አልፈልግም።

ዘሩ የለም፣ ጅግሶ። ከዚያ ሁሉ አበባ አንዲት ጭብጥ አልተረፈችም። ዳገቱም ለከብት ተከፈተ።

እንዴት ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ አንተ የምታውቀውንም ጭምር እነግርሃለሁ፣ ስለሱ የማወራው ሌላ ሰው የለኝምና።

ያኔ በግብርና መሥሪያ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ላይ ቡናና ባሕር ዛፍ ታፈላ ነበር። ከድርቁ በኋላ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደውን ቆላ እንድታዩ ተላካችሁ፤ ከዚያ የተመለስክ ዕለት እህል አልበላ አለህ። ዳገቱ ቆዳው እንደተገፈፈ በሬ ቀይ ሆኖ አየሁት አልከኝ። የጉጂ ከብት አርቢዎች ላሞቻቸው ቆመው እየሞቱባቸው ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ባሕር ዛፍ ትከሉ ይላቸዋል አልክ። «ላም ባሕር ዛፍ ትበላለች?» ብለህ እኔ ላይ ጮኽክብኝ፤ እኔ የግብርና ሚኒስትር የሆንኩ ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ቆላ በወረድክ ቁጥር ኪስህን ሞልተህ ትመጣ ጀመር። ሰው ከዚያ ሲመለስ ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ አንተ አረም ይዘህ መጣህ። ከብት ሊደርስበት ከማይችል ከገደል አፋፍ፣ ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበትና ሣር ማጨድ ነውር ከሆነበት ከሶንጎው ዳር፣ አንድ አንድ ፍሬ እየለቀምክ። ያ ዳገት ድሮ ይህን ሁሉ ነበር የሚያበቅለው፣ ሣሩም የሚመለሰው ከአበቦቹ ጋር ነው፣ ሥሮቻቸው አፈሩን ይይዙታል ትለኝ ነበር። በገዛ እጄ ያሳደግሁትን ጎመን ነቅለህ ጓሮዬ ላይ ዘራሃቸው። ሳምንት አኩርፌህ ነበር፤ አስተውለህ እንደሆነ እንጃ።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ጓሮው በራ። መጭ የሚሉት የዱር አበባ ቢጫውን ለብሶ ቆመ። ስሟን ማንም የማያውቃት ሰማያዊ ትንሽ አበባ ነበረች፤ ምሕረት ብለህ ጠራሃት። ያችን እሾሃሟን ደግሞ በእናቴ ስም ሰየምካት፤ እናቴ ሰምታ ስትስቅ አይቼ ነው የተውኩህ። ፍሬው ሲደርቅ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ እንነሣለን፣ እኔ ነጠላዬን ዘርግቼ ከሥር እይዛለሁ፣ አንተ አገዳውን ጎንበስ አድርገህ ቀስ ብለህ ታራግፋለህ። ማስነጠስ እንኳ ክልክል ነበር። ያራገፍነውን መልሰህ ትዘራዋለህ፣ በዓመቱ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ጓሮው ሞላ፤ ለዳገቱ የሚበቃ ዘር ደረሰ አልክ።

እንደ ደረሰ ስታውቅ ነው ወደ ጉጂዎቹ ሽማግሌ ወደ ኦቦ ዋቆ የሄድከው። እሳቸውም ሰዎቻቸውን ሰብስበው አዳመጡህ። ዳገቱን አጥራችሁ ከከብት አሳርፉት፣ አፈሩ ትንሽ ይረፍ፣ በመጋቢት ከበልጉ ዝናብ ጋር ዘሩን ይዤ እመጣለሁ አልካቸው። ላም የከሳበት ሰው የቀረችውን ግጦሽ ዝጋ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ግን አመኑህ። የግራር እሾህ ቆርጠው ዙሪያውን አጠሩት።

ታኅሣሥ ላይ ፍሬው ደረቀ። አንተ ደግሞ አልጋ ላይ ነበርክ። በመስኮት እያየህ «እስክነሣ አይረግፍም» አልክ። እሱ አልረገፈም።

ለቅሶህን ልንገርህ፤ አንተ አላየኸው። እንዲህ ያለ ሕዝብ በሰፈራችን ተሰብስቦ አያውቅም። የጸሎት ቤታችሁ በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ የእናንተ ሰው ለቅሶውን በየቤቱ ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ እኛ መጣ። የእድራችን ዳኛ ሐጂ ሙዘይን የጭነት መኪናቸውን ልከው የቆላውን ሰው ሁሉ አስመጡልህ፣ ኦቦ ዋቆ ጭምር። የደጃችን መንገድ ጠባብ ነው፣ ድንኳኑን የሚያቆሙበት ቦታ አልነበረም። የእድሩ ሰዎች ወደ ጓሮ ዞረው አዩ። ያዩት ምን መሰለህ? የደረቀ፣ የተጎሳቆለ፣ እስከ ወገብ የቆመ ቡናማ አረም። «ጅግሶ ታሞ ጓሮው አረም በላው፣ ምስኪን» አሉ አሉ። ከዚያ በገጀራና በመቆፈሪያ ከነሥሩ አነሡት። ሴቶቹ ሰው እንዲቀመጥበት መሬቱን በመጥረጊያ ጠረጉት። ክምሩን የንፍሮው ድስት ሥር ማገዱት።

እኔ ውስጥ መሬት ላይ ነበርኩ፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘውኛል። ጢሱ ቤት ድረስ ገብቶ ነበር። ምን እንደሚነድ ማን ሊያስብ?

ከቀብር መልስ ደግፈው ወደ ድንኳኑ ሲያወጡኝ አየሁት። ጮኽኩ። ሰው ሁሉ አብሮኝ ጮኸ፣ ላንተ ብቻ የማለቅስ መስሏቸው። ሐጂ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ቀረብ አሉኝና «አይዞሽ አስካለ፣ ጓሮሽንም አጽድተንልሻል፣ ስለሱ እንኳ አታስቢ» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ሌላ ምን ልላቸው እችል ነበር? እጃቸው በገጀራው ቆስሎ በጨርቅ ታስሮ ነበር።

እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። አልነግራቸውምም።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጥል ግን ተስፋ አደረግሁ። ከረገፈው ጥቂት አፈር ውስጥ ይቀራል ብዬ በየቀኑ እየወጣሁ አየሁ። በቀለ፣ ጅግሶ! ድንኳኑ በነበረበት ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ተንበርክኬ አለቀስኩ። ለሳምንታት አንዲት ቅጠል አልነቀልኩም፣ ምሕረትንም በዚያ እንዳታልፍ ከለከልኳት። ከፍ ሲል ጫፉ ዘለላ አወጣ። ስንዴ ነበር። ለንፍሮ ሲለቀም የፈሰሰው ስንዴ። በመካከሉ ከአበቦቹ ጥቂት ብቅ ያሉ መሰለኝ፤ ነፍስ አውቀው ሳያብቡ የጎረቤት ዶሮ ጨረሰቻቸው።

ከዚያ ያንተን ገደል ፍለጋ ሄድኩ። ምሕረት አብራህ የሄደችበት አንድ ቦታ ትዝ ይላት ነበርና መራችኝ። አፋፉ ተላጭቶ ጠበቀን። ዝናቡ በዘገየ ጊዜ ሰዎቹ ራሳቸው በገመድ ወርደው የቀረውን ሣር ለጥጃ አጭደውታል። ማን ይፈርድባቸዋል? ሶንጎው ዳር ደግሞ ሴት ገብታ ስትለቅም ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ፤ ቢሆንም ከውጭ ቆሜ አየሁ፣ ሣር ብቻ ነው የቆመው። መሥሪያ ቤትህም ሄጄ ነበር። በአንተ ቦታ የመጣው ወጣት ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ስምህን በክብር አነሣ። ስለ አበባዎቹ ስነግረው ግን ግራ ገባው። ሲሸኘኝ «ለጓሮዎ» ብሎ የባሕር ዛፍ ችግኝ አስያዘኝ። ለጎረቤት ሰጠሁት።

በዳገቱ በኩል አላለፍኩም ነበርና፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ የቆላ ሰዎቹ ትተውታል ብዬ ነበር የማስበው። አንተ ሞትክ፣ ነገሩም አብሮ አበቃ፤ ማንም እንደዚያ ያስባል። ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ ግን፣ በገበያ ቀን፣ ኦቦ ዋቆ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ድሮ ቅቤ ሳይዙ የማይመጡት ሰው ባዶ እጃቸውን ስለመጡ አፍረው ነበር፤ ቁጭ እስኪሉ ድረስ ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀውታል። ከተቀመጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ሐዘን ጨረስሽ። አሁን መጠየቅ ይቻላል። ያ ዘር መቼ ይመጣል?»

ሰማህ? ዳገቱን አልከፈቱትም ነበር። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ስለ ባሏ ሥራ አትጠየቅም፣ ቁስሏን መነካካት ነው ብለው ዓመቱን ሙሉ ጠበቁኝ። አጥሩ ውስጥ አፈሩ ስላረፈ ስስ ሣር አውጥቶ ነበር፤ አንዲት ላም አላስገቡም። የእሳቸው ሁለት ላሞች ከአጥሩ ውጭ ሞተዋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው ልከው ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር፣ በዚያው ቀን ይከፍቱት ነበር። ለእኔ ክብር ሲሉ ዝም አሉ። ደግነት እንዲህ ቤት እንደሚያፈርስ አላውቅም ነበር፣ ጅግሶ። እድሩ በደግነቱ ዘሩን አነደደ፣ እነሱ በደግነታቸው ላሞቻቸውን አጡ። ማንን ይዤ ልጩህ?

ነገርኳቸው። ወደ ጓሮ ይዤአቸው ወጥቼ ለቅሶ የተቀመጡበትን ቦታ አሳየኋቸው። እዚህ ነበር አልኳቸው። በቋንቋቸው ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉተመተሙና ወደ እኔ ዞረው በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «አንቺ አላጠፋም። እኛም አላጠፋም። ጅግሶም አላጠፋም። እንግዲህ ማን ነው?» አሉኝ። አንተ ካለህበት የምታውቅ ከሆነ እንጃ።

አጥሩ የሚነሣ ዕለት ወረድኩ። ከአንተ ቤት ሰው መኖር አለበት ብዬ ነው። እሾሁን ከአንድ ወገን ሲጎትቱት ከብቱ ተጋፍቶ ገባ። ልጆቹ ሳቁ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለእነሱ የደስታ ቀን ነው። እኔ ላሞቹን ጠላኋቸው። በድንጋይ ላባርራቸው ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ አንዷ በአጠገቤ ስታልፍ ጎኗን አየሁ፣ አጥንቷ ይቆጠራል፣ ጥጃዋ የደረቀ ጡት እየጎተተ ይከተላታል። ድንጋይ አላነሣሁም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያ ስስ ሣር አለቀ፣ ቀዩ አፈር ተመልሶ ታየ።

እንጨት በከተማ ውድ መሆኑን ያውቃሉና የአጥሩን ግራር አህያ ላይ ጭነው ደጄ አደረሱልኝ። ለጅግሶ ሚስት ይገባታል ተባባሉ። እንቢ ማለት አልቻልኩም። ጓሮ ተከምሮ ከረመ፤ ልነካው አልሆንልኝ አለ። ሰሞኑን ዝናቡ በርትቶ ሌላ ማገዶ ሲጠፋ ግን ማንደድ ጀመርኩ። ጥሩ እንጨት ነው፣ ጢስ የለውም። አሁንም እሱ እየነደደ ነው የምጽፍልህ።

አበቦቹን አስመልስልሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። አልችልም፤ አንተም በሕይወት እያለህ ውሸት አትወድም ነበር። የምችለውን ልንገርህ። ወደ ቆላ በወረድኩ ቁጥር ዳገቱ ሥር እቆማለሁ። ምሕረትን ይዤ እቆማለሁ፣ ዕድሜ ከሰጠኝም ልጆቿን ይዤ እቆማለሁ። ምን ታያለሽ፣ ባዶ አፈር አይደለም ወይ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ባሌ ጅግሶ ይባል ነበር፣ እዚህ ጋ አበባ ሊኖር ነበር እለዋለሁ።

አስካለ