ለአራተኛው ጥያቄ የጻፍኩት መልስ

ለምወድህ ልጄ ለዘአማኑኤል፣

ይህ ወረቀት እጅህ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም፤ እስከዚያው በምትውልበትም በምታድርበትም የመድኃኔ ዓለም ጥበቃ አይለይህ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይስ ዶዘሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ባሰብህ? የዚያ አገር ሙቀትስ? ያለምወርቅ እንዴት ናት? ልጃችሁ አቢስ ወባው ለቀቀው? ጥርስ አወጣ ብለኸኝ ነበር፤ ስንት ደረሱለት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለብኝም።

በስልክ ስንነጋገር አንተም ደህና ነኝ ትላለህ፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ባለፈው ግን መስመሩ አልተቆረጠም፤ አንተ ነህ የዘጋኸው። «የእህቴን ነገር ለማናውቀው ሰው ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ አሁኑኑ አስጠፊው» ብለህ ዘጋህብኝ። አልተቀየምኩህም። ነገሩን ግን ከሥሩ ሳትሰማ ነው የተቆጣኸው። እኔ ደግሞ አፌ ላይ የሚጠፋብኝ ነገር፣ ቀስ ካልኩ እጄ ላይ ይመጣልኛል። ይኸው ከሐሙስ ጀምሬ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጻፍኩ ነው። ሾፌሩ ተክሌ ሲሚንቶ ጭኖ ማክሰኞ ወደ እናንተ ስለሚነሳ በእሱ እጅ እልከዋለሁ።

ሥርጉት ከሞተች አሥር ወር ሆናት። አንተ በሦስተኛው ቀን ደርሰህ፣ ድንኳኑ ሲነሳ ተመልሰሃልና ከዚያ ወዲህ ያለውን አላየህም። የፋብሪካው ሰርቪስ እንዳያመልጣት ስትሻገር ከባድ መኪናው የወሰዳት ቦታ ላይ አሁን ጉብታ ሠርተውበታል። መኪና ሁሉ እዚያ ሲደርስ ቀስ ይላል። ከቤት ሆኜ ይሰማኛል።

ሰው አልከፋብኝም። የዕድሩ ሴቶች እስከ አርባዋ ድረስ በተራ እየመጡ አብረውኝ ያድሩ ነበር። ግን ስሟን የሚጠራ የለም። እኔ ጀመር ሳደርግ «ተይ እንጂ፣ እንዲህ አይባልም፣ ያሉትን ያቆይልሽ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። እህትህ እየሩሳሌምም ከሳሪስ መጥታ የሥርጉትን ልብስ በሙሉ ጠቅልላ ወሰደችው። እንዳልታመም ብላ ነው፣ አውቃለሁ። ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን ግን፣ ይህቺ ልጅ በእውነት ነበረች ወይስ እኔ ነኝ ያለምኳት እላለሁ።

ጥር ሲገባ አንዲት ባጅ ያንጠለጠለች ሴት በዕድራችን በኩል መጣች። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፣ በመኪና አደጋ ልጅ የሞተባቸው እናቶች እንዴት እንደሚኖሩ ይጠናል፣ የሚሞላው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ለሞላ ሰው የሁለት መቶ ብር የሞባይል ካርድ ይላካል አለች። ሁለት ገጽ ወረቀትና ጥያቄው የሚከፈትበት አንድ ቁጥር ሰጠችኝ። ወረቀቱ ስምሽ አይነገርም፣ መልስሽን ባሻሽ ጊዜ ማስጠፋት ትችያለሽ ይላል። ሳስብ ሰነበትኩና ዙለይኻ ዘንድ ሄድኩ። ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላትን ዙለይኻን ታውቃታለህ፤ ለእስረኛ ጠያቂዎች ማመልከቻ የምትጽፈዋን። ኮምፒውተሩን ከፍታ አስቀመጠችኝና ፊደሉን እንዴት እንደምነካ አሳየችኝ።

ጥያቄው ስልሳ አራት ነው። እያንዳንዱን በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዙለይኻ ከበሩ ጋ ሆና «እማማ፣ እርስዎ አንዱን እስኪጨርሱ እኔ ሦስት ይግባኝ ጻፍኩ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ «ልጅዎ ምን ትወድ ነበር?» ይላል። ልጄ፣ ይህን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዳቦ ስትበላ ቅርፊቱን አስቀድማ እንደምትጨርስ ጻፍኩ። ልብስ ስታጥብ ዜማው የጠፋበት መዝሙር እንደምትዘምርና ጎረቤታችን ጋሽ ሰቦቃ በአጥሩ ላይ «አንቺ ልጅ፣ መላእክቱን አታስኮብልዪ» እንደሚሏት ጻፍኩ። በመጀመሪያ ደሞዟ ይህን መነጽር እንደገዛችልኝም ጻፍኩ። ያለቀስኩት ትንሽ ነው። ይልቅ ስነሳ ወገቤ የቀለለኝ መሰለኝ።

አሁን የስህተቱን ነገር ልንገርህ። አራተኛው ጥያቄ «ስንት ልጆች አሉዎት?» ይላል። ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የሞተችበትን ቀን፣ ሆስፒታሉን፣ ቀብሩን ሁሉ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። አምሳ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ጠየቀኝ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

በስድስተኛው ቀን ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። ዛሬም አላጠፋሁትም፣ እንዳለ ልገልብጥልህ፤ «ውድ ተሳታፊ፣ የሰጡት መልስ በጥንቃቄ ያልተሞላና እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ ስለተገኘ ውድቅ ተደርጓል። ክፍያ አይፈጸምም።» ይላል። መነጽሬን ጠርጌ ደጋግሜ አነበብኩት። ለዙለይኻ ባሳያት «ዋሽተዋል ወይ ሳያነቡ ነክተዋል ማለታቸው ነው» አለችኝ። ስለ ሞተች ልጄ ዋሸሽ ተባልኩ፣ ዘአማኑኤል። ካርዱ በአፍንጫዬ ይውጣ። ያን ያህል ቀን ዝም ስባል ከርሜ፣ አንድ ጠያቂ አገኘሁ ብዬ የነገርኩት ነገር ቆሻሻ ውስጥ ተጣለ ወይ ብዬ ነው የተቃጠልኩት። ዙለይኻ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለች፤ «መልሱ ውድቅ ነው ይሉዎታል እንጂ መለስንልዎ አላሉም። እኔ ቤት ኮፒ አስደርጎ፣ አይነበብም ብሎ ሳይከፍል፣ ወረቀቱን ግን ብብቱ ውስጥ ከትቶ የሚሄድ ሰው ቢመጣ በዚህ በር ይወጣል?» አለች።

ሴትዮዋ የሰጠችኝ ወረቀት ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያመልክት ይላል። ዙለይኻ ወዲያው ማመልከቻ ጻፈችልኝ። ፈረምኩና በማግስቱ ራሴ ይዤው ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። ለአንተ የደወልኩት ያን ዕለት ከታክሲ ወርጄ ነው፤ አንተም የተቆጣኸኝ ያኔ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ጠሩኝ። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ቄስ ናቸው። ሰብሳቢዋ ዶክተር አደሴ የሚባሉ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ጥናቱን የሚመራው ሰውዬም አለ። ዶክተሯ ማመልከቻዬን አነበቡና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እማማ አቻምየለሽ፣ ምን አጥፍተው ነው ምሕረት እንዲደረግልዎ የሚጠይቁን?» አሉኝ። ለካ ዙለይኻ ዕድሜ ልኳን ለእስረኛ ስትጽፍ የኖረች፣ እጇ ለምዶባት መጨረሻው ላይ «ጥፋቴን አምኜ ምሕረት እንዲደረግልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ብላ ደምድማዋለች! እኔም ሳላይ ፈርሜያለሁ። በጥንቃቄ ነው የሞላሁት ልል የሄድኩ ሴትዮ! ቄሱ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

ከዚያ ሰውዬው ተናገረ። ብዙ ሰው ለካርዱ ብሎ ሳያነብ ስለሚነካ፣ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንጠይቃለን፣ መልሱ ከተለያየ ኮምፒውተሩ በራሱ ይጥለዋል አለ። ዶክተር አደሴ «ከመጣሉ በፊት ያነበበው ሰው አለ?» አሉት። የለም አለ። ስንት እናቶች እንደተጣሉ ጠየቁት። አርባ አንድ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ለምን መጀመሪያ ሦስት፣ ኋላ ሁለት እንዳልኩ ጠየቁኝ። እኔም «አራተኛው ላይ ስትጠይቁኝ እኮ ገና መሞቷን አልነገርኳችሁም ነበር» አልኩ። ሰውዬው እስክሪብቶውን ዘቅዝቆ ሲያየው ቆየ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ልጅ ሞቶበት የማያውቅ ሰው ነው።

ያን ቀን የወሰኑት ይህን ነው፤ አርባ አንዱም መልስ በሰው ዓይን እንዲነበብ፣ ሳይነበብ ማንም ውድቅ እንዳይባል፣ ለሁላችንም ካርዱ እንዲላክና የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጻፍልን። ለእኔ ደግሞ፣ ከፈለግኩ መልሴን በሙሉ እንደሚያጠፉልኝ፣ መብቴ እንደሆነና አስቤ በሁለት ሳምንት እንዳሳውቅ ነገሩኝ። አንተ ያልከኝ ትዝ አለኝ። አጥፉልኝ ልል አፌን ስከፍት ሰዎቹ ተነሱ፤ ዶክተሯም በር ድረስ ሸኙኝና «ከመምጣትዎ በፊት የእርስዎን መልስ ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ ዳቦው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ» አሉኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ከተማ ውስጥ ሥርጉት ቅርፊቱን አስቀድማ እንደምትበላ የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ አላስጠፋውም። ሰኞ ሄጄ ይቀመጥ ብዬ እፈርማለሁ። ልትቆጣ ትችላለህ፤ እኔ ግን ዝም ስል ሁለተኛ የቀበርኳት ይመስለኛል። አንተም እንደ ሰዉ ሁሉ ስሟን አትጠራልኝም። ቢጨንቅህ ነው እላለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ግን እሷን እንደ አንተ የሚያውቅ የለም፤ በጀርባህ አዝለህ ነው ያሳደግካት።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ከቤት ወጥተህ ወደዚያ አገር የሄድክ ጊዜ እስከ አውቶቡሱ የሸኘችህ እሷ ናት። ተመልሳ ስትመጣ እየሳቀች ነበር፤ ምን እንዳላችሁ ብጠይቃት «የእኔና የዘሜ ነው» ብላ ከለከለችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ብለምናት አልነገረችኝም። ምን አለችህ? ጊዜ ወስደህ ጻፍልኝ። አሳጥረህም ቢሆን፣ ተሳስተህም ቢሆን፣ ፊትና ኋላው ባይገጥምም ግድ የለም። እኔ አነበዋለሁ።

ያለምወርቅን በእኔ ስም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ የላከችው ማር ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ። አቢን ግንባሩን ሳምልኝ፤ አያትህ ጥርስህን ልትቆጥር ትመጣለች በለው። እየሩሳሌምና ባሏ ናፍቀንሃል ይሉሃል፤ ሕፃኗ ሚራክል መዳህ ጀምራለች። ጋሽ ሰቦቃ ዶዘሩን እንዳትገለብጠው ይላሉ። ዙለይኻም ሰላም ብላሃለች፤ የምሕረቱን ነገር ለሰው እንዳትናገርብኝ ብላ አስጠንቅቃኛለች፣ እኔ ግን ይኸው ነገርኩህ።

የምታስብህ እናትህ
አቻምየለሽ

አቃቂ ቃሊቲ፣ እሑድ መጋቢት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.