የማስነሻው ሻሽ

ይድረስ ጆሃንስበርግ ላለው ወንድሜ ሀምዛ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። በሰው አገር አላህ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የላክኸው የፍሬን ሸራ ደርሷል። ልጄ ዛሂራ ሟቹ ባለቤቴ፣ ወንድምህ፣ ይነዳት የነበረችውን ቀይ የእንግሊዝ አሮጌ ስፖርት መኪና ራሷ ጠግና አስነሳቻት። ለአረፋ ቤተሰቡ እንደ ድሮው በፎንቆ መንገድ ሊሽቀዳደም ነው። የአክስቷ ልጅ ጀሚል ሌላዋን አረንጓዴ መኪና ይዞ፣ "አንቺ ባጃጅ እንኳ አትቀድሚም!" እያለ ያበሽቃታል። እሷም፣ "መጀመሪያ ሳታስገፋ አስነሳት!" ትለዋለች።

ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ጉም ነው። ወንድምህ ያኔ ሲሽቀዳደም የገባበት ገደል አጠገብ መንገዱ አይታይም።

ዛሂራ፣ "እማ፣ እንደ አባባ ጊዜ ነጩን ሻሽ አውለብልበሽ አንቺ አስነሺን፤ ያለ አንቺ አንነሳም" አለችኝ። ሻሹ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም። "ታጥቦ ይድረቅ" አልኳት። አጥቤ አሰጣሁት፤ ሊደርቅ ሲል መልሼ እነክረዋለሁ።

ዛሬ ከገበያ አዲስ ሻሽ ገዝታ መጣች። "ይኸው፣ ይሄ ደረቅ ነው" ብላ እጄ ላይ አኖረችው።

ሌላ የመኪና ዕቃ ለመላክ አትቸኩል። ለአረፋ ጠዋት ግን ዱዓህ አይለየን።

የወንድምህ ሚስት ረሂማ፣ ከሆሳዕና