አንዲቷ የካምፔር ቦታ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ጭጋግ። ዲዦን ከተማ ዛሬም ፊቷን አልታጠበችም። በመንግሥት ሠራተኞች ማሠልጠኛው ጠዋት ሙሉ የበጀት ሕግ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ሥነ ምግባር። የሥነ ምግባሩ አስተማሪ አርፍዶ መጣ፣ ይቅርታም አልጠየቀ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሱ ነገር።

ምሳ ምስር በቋሊማ። ምስሩ አልበሰለም። አብራኝ የምትሠለጥነው ቤረንዤር የኔንም ቋሊማ አንስታ በላችው። «አንተ አርጅተሃል፣ ስብ አይሆንህም» አለችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ እኔ አርባን ላንኳኳ ነው። እዚህ ግን ሠልጣኝ ሁሉ አንተ፣ አንቺ ነው የሚባባለው፣ ዕድሜ አይጠየቅም። መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር። አሁን ደስ ይለኛል... ለማንም አልናገርም እንጂ።

ማታ ለልጄ ለኖልዌን ደወልኩ። ጥርሷ ወልቋል። ይሄንንም ሳላይ ወለቀ።

ዓርብ፣ ማርች 14

ሶሌን ደወለች። ስንፋታም እንዲህ ነበር የምታናግረኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ነርስ።

«ኤርዋን፣ ዳኛዋ ያለችውን ታውቃለህ። እስከ ሴፕቴምበር እዚህ ካምፔር ላይ ቋሚ ሥራ ይዘህ ከመጣህ፣ ልጅቷ አንድ ሳምንት ካንተ፣ አንድ ሳምንት ከኔ። ካልመጣህ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው የምታያት። እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

እውነቷን ነው። አልጨመረችም። ጊዜያዊ መምህር ሆኜ ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ ሌላ ከተማ ይወረውሩኝ ነበር፣ ትዳሬም አብሮ ተወረወረ። ቋሚ ልሁን ብዬ ነው በዚህ ዕድሜዬ ተፈትኜ እዚህ የገባሁት። ለፈታኞቹ ሀገሬን ላገለግል ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ልበላቸው ኖሯል? ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ፣ ከሷ ጋር ቁርስ መብላት እፈልጋለሁ ልበላቸው?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

የአውሮፓ እንግዶች መጡ። በየሀገራቸው እንደኛው የመንግሥት ሠራተኛ የሚያሠለጥኑ ናቸው። ጀርመን፣ ስፔን፣ ሆላንድ... ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው። ዳይሬክተሯ ማዳም ቪኞ አዲስ ሻሽ አስራለች። ስለ ምደባችን ልታስረዳቸው ተነሳች።

«እኛ ዘንድ ዘመድ የለም፣ አማላጅ የለም። ሠልጣኞቹ በውጤታቸው ይሰለፋሉ። አንደኛ የወጣው ከሁሉም ቦታ ይመርጣል፣ ሁለተኛው ከተረፈው፣ የመጨረሻው የቀረለትን ይወስዳል። የሚኒስትር ልጅም ይሁን የጫማ ሰፊ።»

ስፔናዊው ተጫዋች ሰው ነው። «እኛ ጋ ልጁ ዓመታት ቤቱን ዘግቶ ሕጉን በሙሉ በቃሉ ያጠናል፣ አስጠኚው ፊት ሰዓት ተይዞለት ይወጣዋል። ካለፈ በኋላ የት ቢልኩት ግድ የለውም፣ ፀሐይ ካየ ይበቃዋል።» ተሳቀ። ጀርመኑ ደግሞ እነሱ ጋ መሥሪያ ቤቱ ሰውየውን ጠርቶ እንደሚያነጋግረው፣ ሰውና ሥራ እንደሚተያይ ተናገረ። ማዳም ቪኞ «መተያየት» የምትለዋን ቃል እንደ ስድብ ነው የሰማቻት።

ከሆላንድ የመጣችው ሴትዮ እጇን አወጣች። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። ሰዎቹን የት መኖር እንደሚፈልጉ ዝም ብላችሁ ለምን አትጠይቋቸውም?»

«ከጠየቅንማ እኩልነቱ የታለ?» አለች ማዳም ቪኞ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ከልቤ። ዘመድ የሌለው ሰው ሰልፍ ይወዳል።

ሰኞ፣ ሜይ 12

ውጤት ወጣ። አስራ አንደኛ ነኝ! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቤረንዤር ሰባተኛ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። አራተኛ የክፍሉ ተጠሪ ቲቦ። ሦስተኛ ደግሞ ያ ፋብሪስ፣ ከማንም ጋር ምሳ የማይበላው።

የሥራ ቦታዎቹም አብረው ተለጠፉ። ካምፔር... አንድ። አንዲት ብቻ። የክልሉ አስተዳደር ቢሮ፣ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ምክትል ኃላፊ። ብቻዋን ትሁን፣ ምን ቸገረኝ? ከእኔ በላይ ያሉት አስሩም ዓይናቸው ፓሪስ ላይ ነው። የዓለም ጫፍ ላይ ዝናብ ሊቆጥር ማን ይሄዳል? ከኔ በቀር።

ኀሙስ፣ ሜይ 15

ልምምዱ ዛሬ ነበር። የዚህ ቤት ወግ ነው። ከምደባው ቀን በፊት ሠልጣኞቹ አስተማሪ ሳይኖር ተሰብስበው፣ በደረጃቸው እየተነሱ የሚወስዱትን ቦታ በግልጽ ይናገራሉ። ሰው እንዳይደናገጥ፣ ሁሉም እንዲዘጋጅ። የተጻፈ ደንብ አይደለም። በክብር ነው።

ቲቦ ወንበር ላይ ወጣ። ሰውየው ወንበር ላይ መውጣት ይወዳል። «ወገኖች፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ኤርዋን ልጅ አለው፣ ታውቃላችሁ። ከሱ በላይ ያለን ሁሉ ካምፔርን ላንነካ እጃችንን እናውጣ።»

እጅ ወጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አላፈርኩም። የፋብሪስ እጅ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«እኔ የምወስደው የሊል ከተማን ነው» አለ። «ቃል ግን አልገባም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስሜ ሲጠራ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን አላውቅም። እናንተም አታውቁም።»

ጉድ ተባለ። «አንተ ሰው ነህ?» «እጅህን ብታወጣ ምን ይቀነስብሃል?» እኔም አልቀረሁ፣ «አንተን እናት አይደለችም የወለደችህ፣ ድንጋይ ነው» አልኩት። ኮቱን ይዞ ወጣ።

ቤረንዤር አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አሁኑኑ ደውልላት! አባትሽ ሊመጣ ነው በላት። እኔ ደግሞ ለዕረፍት ስመጣ ዋና ታስተምረኛለች።»

ደወልኩ። ነገርኳት። እናቷ ከጀርባ «ኧረ ቆይ፣ ገና አልተረጋገጠም» ስትል ይሰማኛል። ኖልዌን ግን ስልኩን ጥላ ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

መጻፍ አለብኝ? ልጻፍ።

አዳራሹ ሞልቷል። ስም ይጠራል፣ ሰው ይነሳል፣ ቦታ ይናገራል፣ ከሰሌዳው ላይ ይሰረዝበታል። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እንዳሉት አደረጉ። ፋብሪስ ተነሳ፣ «ሊል» አለ፣ ተቀመጠ።

ቲቦ ተነሳ። በልምምዱ ቦርዶ ብሎ ነበር። አሁን ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ገንዘብ ሚኒስቴርን ጠራ... ፓሪስ። የቤረንዤርን ቦታ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ስትመኘው የነበረውን። አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ሄደ። እሱ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ብቻ ያያል። ወንበር ላይ ቆሞ ቃል ሲያስገባን የነበረው ሰውዬ!

ከዚያ በኋላ የፓሪስ ቦታዎች እንደ ትኩስ ዳቦ አለቁ። ሰባተኛ። ቤረንዤር ቆመች። ፊቷ ኖራ መሰለ። ሰሌዳውን ታያለች፣ ታያለች... 

«ማድሞዋዜል፣ ጊዜዎ እያለቀ ነው» አለች ማዳም ቪኞ።

«ካምፔር።»

እንዲህ ነው ያለችው። ድምጿ ግልጽ ነበር። ወደ እኔ አልዞረችም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

እኔ ጋ ሲደርስ ጆሮዬ ይጮሃል። ወደ ቤቴ የሚያቀርብ አንድም ቦታ አልቀረም። ደቂቃው አለቀ መሰለኝ፣ ሰሌዳው ላይ ከላይ የተጻፈውን ጠራሁ። ሻርልቪል። የሀገሪቱ ሌላኛው ጫፍ። ተሰረዘልኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 28

ቤረንዤርን ደረጃው ላይ ያዝኳት። አምልጣኝ ልትሄድ ነበር።

«ደነገጥኩ፣ ኤርዋን። እምልልሃለሁ፣ ደነገጥኩ። ቲቦ እንደዚያ ሲያደርገኝ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። የማውቀው ከተማ ስም እሱ ብቻ ነበር... ካንተ አፍ ሌት ተቀን ስለምሰማው።»

አመንኳት። እኔስ ሻርልቪልን በምን ጠራሁ? «መቀያየር ይፈቀዳል እስከ ሰኞ። ሁለታችን ከፈረምን አለቀ» አልኳት።

«በሻርልቪል?» አለች። ከንፈሯን ነከሰች። «ለፓሪስ ቀረብ ያለ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እፈርም ነበር።»

ዓርብ፣ ሜይ 30

ፋብሪስ ክፍሌን አንኳኳ። አልተቀመጠም።

«ሊልን ውሰድና ሻርልቪልን ስጠኝ። ሊል ለፓሪስ በባቡር አንድ ሰዓት ነው፣ ለቤረንዤር ስጣትና ካምፔርህን ተቀበል። ሦስታችንም እንፈርማለን።»

«አንተ ሻርልቪል ምን ትሠራለህ?»

«ሥራ። እዚያም ቢሮ አለ።»

«ለምን?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «አሁን አዳራሽ ውስጥ አይደለሁም። ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ።»

ድንጋይ ያልኩትን አፌን... ይቅር በለኝ ልለው ስል ኮሪደሩ ላይ ደርሷል። ለቤረንዤር ሄጄ ነገርኳት። ደስ አላት፣ ወይም ደስ ያላት መሰለኝ። «እስከ ሰኞ ላስብበት» አለች። ምኑን ነው የምታስበው? ሊል እኮ ነው!

ሰኞ፣ ጁን 2

አይሆንም።

ካፌው ውስጥ አስቀምጣ ነገረችኝ፣ የራሷን ሂሳብ አስቀድማ ከፍላ። «አባቴን አማከርኩት። የካምፔሩ አስተዳዳሪ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ነው ይላል። በቅርቡ ፓሪስ ይገባል፣ ሲገባ ሰዎቹን ይዞ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕድል ሁለተኛ አይመጣም።»

«ልጄስ?»

«ኤርዋን፣ እባክህ እንዲህ አታድርገኝ። እኔም ሕይወት አለኝ። ደግሞ ሕግ አልጣስኩም። ደረጃዬ ነው።»

ማክሰኞ ዕለት ደንግጣ ነበር፣ ይሁን። ዛሬ ግን አልደነገጠችም። አባቷን ጠይቃ፣ አስባ፣ ቡናዋን ጠጥታ ነው። ጠላኋት። እንዲህ ሰው መጥላት እችላለሁ ብዬ አላውቅም፣ ጠላኋት። ዘመድ የለም፣ አማላጅ የለም ብለው ነበር እኮ... አባት አለ እንጂ። የሚያማክሩት አባት።

ፋብሪስን ሊልህን ያዝ አልኩት። ሊል ሆነ ሻርልቪል፣ ካምፔር አይደለም።

እሑድ፣ ጁን 8

ካምፔር ሄጄ ለኖልዌን በአካል ነገርኳት። በስልክ አልሆንልኝ አለ። ወደቡ ዳር ተቀምጠን፣ ክሬፕ የሚሉትን ስስ ቂጣ እየበላን። ሰማችኝና «ቃል ገብተውልህ አልነበር?» አለች።

«ገብተው ነበር።»

«እንዴ፣ ታዲያ ትልልቅ ሰዎች አይደሉም?»

ሶሌን ልትወስዳት መጣች። እኔን እያየች «በጣም አዝናለሁ» አለች። ከልቧ ነው። ይሄ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ሻርልቪል። የሥራ መጀመሪያ ቀን። ቢሮዬ ጥሩ ነው፣ መስኮት አለው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ቲቦ ለክፍሉ ሁሉ ጽፏል፣ አሁንም ወንበር ላይ እንደቆመ ነው። እንኳን ደስ አለሽ በሏት ይላል። የካምፔሩ አስተዳዳሪ ፓሪስ ተሾመ፣ ቤረንዤርን ይዟት ሄደ። ሦስት ወር እንኳ አልሞላትም። ለሹመት ሲሆን ደንብ ይለጠጣል ለካ።

ግን... ቦታዋ? ወዲያው ፓሪስ ላለው የሰው ሀብት ቢሮ ደወልኩ። ጨዋ ሴትዮ አነሳች።

«የካምፔሩ ቦታ ተይዟል?»

«አልተያዘም፣ ሙስዬ።»

«አመልካች አለ?»

«እስካሁን ማንም።»

«እኔ አለሁ! ዛሬውኑ ዕቃዬን...»

ስሜን ጠየቀች። የቁልፍ ድምፅ ቀጭ ቀጭ አለ። «ሙስዬ ለ ጎፍ፣ እርስዎ የመጀመሪያ ምድብዎ ላይ ነዎት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዝውውር አይጠየቅም።»

«ቦታው ባዶ ነው አላሉኝም?»

«ባዶ ነው።»

«እና ባዶውን ይቀመጥ?»

«ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው፣ ሙስዬ። ላንድ ሰው ብንፈቅድ ለሌላው ምን እንላለን?»

አመሰገንኳት። ለምን እንዳመሰገንኳት አላውቅም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

በረዶ። ኖልዌን ራሷ ደወለች፣ ብርቅ ነው። ነገሩን ከእናቷ ሰምታለች።

«አባዬ፣ ያቺ ሴትዮ ሄደች አይደል?»

«ሄደች።»

«በሷ ቦታ ማን ገባ?»

«ማንም።»

ስታስብ እንደምትተነፍሰው ተነፈሰች። «ታዲያ ለምን አትመጣም?»

ላስረዳት ፈለግሁ። እዚያ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ማስረዳት አይደል ያስተማሩኝ? «የኔ ልጅ፣ ደንቡ ሁለት ዓመት ይላል። ለአንድ ሰው ከተፈቀደ ለሌላውም ይፈቀድ ይባላል። ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» አልኳት። ሳልደናቀፍ፣ በለሰለሰ ድምፅ። የማን ድምፅ ነው እሱ? የኔ አልነበረም... ወይስ ነው?

«እሺ» አለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ምንኛ ደስ ባለኝ።

«በገና በዓል ዕረፍት ግን ሳምንቱን ሙሉ አንተ ጋ አልመጣም፣ አባዬ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የምቆየው። የዋና ቡድን ገብቻለሁ፣ ልምምድ አለን። የቀረ ልጅ አይወዳደርም።»

«ለአሠልጣኟ ብነግራትስ? አባቷ ሩቅ ነው ብላት...»

«ደንብ እኮ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እንደሚያባብል ሰው። «ለሁሉም እኩል ነው።»

እሺ አልኳት።