ለእግርሽ ያለበስኩት ወለል

አዳማ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጆቼ እናት፣

ሰላምታዬ ቀድሞኝ ኩየራ ይግባ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ይወጣልሻል ወይስ እንደ ለመደው ይለግማል? እህትሽስ፣ ስኳሯ ወረደላት? ሻይዋ ላይ ማንኪያ ስትደግም ጌታ ብቻ ሳይሆን እኔም ከአዳማ ሆኜ አያታለሁ በያት። እኔ ደህና ነኝ። እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ጎረቤት ይታዘበኛል። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ከዚህ በላይ ምን ያምረዋል?

ደብዳቤውን ያስረከበችሽ የልጅ ልጃችን ሀሴት ናት። በምን እንደመጣች ለማየት ወደ በሩ ወጣ በይ። አዎ፣ ራሷ ናት፤ አንቺ ጣውንቴ የምትያት፣ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ መሬት ላይ የተለጠፈችው ቀይ ፊያት። ከመሳደብሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢ።

መጀመሪያ ስለ ስልኩ። ከጥቅምት ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውለሽ ሦስቱንም አሎ፣ አሎ ብዬ ዘጋሁብሽ። መቀየምሽን ሀሴት አስታውቃኛለች። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የኩየራን ኔትወርክ ሳማ ከረምኩ። ኔትወርኩን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አንቺን ደግሞ በዚህ ወረቀት እጠይቃለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት እህትሽን ልታስታምሚ ስትሄጂ ያደረስኩሽ እኔ ነበርኩ፣ በዚህችው መኪና። ሞጆን ስናልፍ ወለሉ ጋለና ጫማሽን አወለቅሽ፤ ወዲያው መልሰሽ አጠለቅሽ። ነጠላሽን አጥፈሽ ከእግርሽ ሥር አነጠፍሽ። እኔ ጥፋተኛው፣ በደርግ ጊዜ ኬሻ በካትራሜ ሬንጅ ነክሬ ወለሉን ስለብጥ ጀርመን አያውቀውም ብዬ የፎከርኩት፣ እየሳቅኩ እነዳ ነበር። መቂን አልፈን ቡልቡላ ሳንደርስ አንድ ነገር አልሽኝ። ሞተሩ እያገሳ፣ ቆርቆሮው እየተንጫጫ፣ አልሰማሁሽም። እ? አልኩሽ። ደገምሽው። እ? ስልሽ፣ ቀልድ መስሎሽ ይሁን ታክቶሽ፣ ተወው ብለሽ ፊትሽን ወደ መስኮቱ መለስሽ። ከዚያ ወዲያ እስከ ኩየራ አንድ ቃል ከአፍሽ አልወጣም። እህትሽ ዳነች። አንቺ ግን አልተመለስሽም።

እዚህ ቤት አሁን አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ ነው የሚታጠበው። ማታ ዜናውን ከፍቼ ሰዎቹ ሲጨቃጨቁ አያለሁ። ያን ያልሰማሁትን ቃል ደግሞ በየቀኑ በሌላ እየተካሁ ቆየሁ። አንዳንድ ቀን ክፉ ቃል አደርገዋለሁ፤ ምሳዬ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ደህና ቃል ይሆናል።

ባለፈው ኅዳር ቆረጥኩ። ጥፋቱ የወለሉ ነው፤ ወለሉን እሠራለሁ፤ ከዚያ ኩየራ ሄጄ አሳፍሬሽ፣ በዚያው መንገድ፣ ያንኑ እንድትደግሚልኝ እለምንሻለሁ አልኩ። ፍራንኮ ሰፈር የመኪና ወንበር የሚያለብሰውን ገርባን ጠራሁት። እንደ ልማዱ ፊት ለፊቴ ቆሞ እየጮኸ፣ አባባ፣ መኪና ነው ወይስ ሙሽራ ነው የምናለብሰው ብሎ ሳቀብኝ። እኔም በአንተ ዕድሜ ሁለቱንም አልብሼ ነበር፤ አንተ ገና ራስህን አላለበስክም አልኩት፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ነበርና።

ወንበሮቹን ነቀልን። ያን የእኔን ኬሻ በላምባ እያራስን ስንፍቅ አራት ቀን ፈጀብን። ገርባ ይህን ካትራሜ የቀባ ሰው ምን በደሉት ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አላውቀውም፣ የድሮ ባለቤት ይሆናል አልኩት። ከሥሩ የዛገውን ጠርገን ፀረ ዝገት ቀባን። በላዩ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ጥቁር የላስቲክ ንጣፍ አለ፤ ድምፁን የሚውጠው እሱ ነው። አየር ሳይቀርበት በደንብ መዳመጥ አለበት፤ ለዚህም ከጓዳ የሊጥ መዳመጫሽን አውጥቼ ሰጠሁት። አሁን የሚያገለግለው ለመኪና ብቻ ነው፤ እንዳትፈልጊው። ከዚያ አንድ ፊቱ እንደ ብር የሚያበራ ስፖንጅ፣ ሙቀቱን የሚመልሰው፣ በሞተሩና በእግር መካከል ባለው ግድግዳና በካምቢዮው ጉብታ ላይ ሳይቀር አለበስን። በመጨረሻ ሞኬቱ። በእኔ በኩል አንድ፣ በተሳፋሪዋ በኩል ግን ድርብ አድርገው አልኩት። ገርባ ተሳፋሪዋ ማን ናት ብሎ አልጠየቀኝም። ጨዋ ልጅ ነው።

ለሙከራ ወደ ወለንጪቲ ወጣን። ጸጥ! እንዲህ ያለ ጸጥታ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ሞተሩ የለም፣ ነፋሱ የለም፤ ገርባም ከጎኔ አፉን ይከፍታል ይዘጋል እንጂ የለም። ደስታዬን ብታዪ! አሁን ሹክ ብትይኝ እንኳ አያመልጠኝም እያልኩ ስፈነድቅ ገርባ ድንገት መሪውን ቀማኝ። የጂቡቲ ተሳቢ ተራራ አክሎ በጎናችን አለፈ። ዳር ይዘን ስንቆም የገርባ ፊት አመድ መስሏል፤ ሁለት እጁን ወደ ታች እያወረደ ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ ይበሉ የሚል መሰለኝ። እኔ ግን ተቆጣሁት። ሥራ አበዛህ፣ የከባድ መኪና ጥሩንባ እንኳ የማያስገባ ምን ዓይነት ወለል ነው አልኩት። ብዙ መለሰልኝ።

በማግሥቱ ብቻዬን ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ያን ሁሉ የተለፋበትን ነቀልኩት። ሞኬቱን፣ ስፖንጁን፣ ጥቁሩን ላስቲክ፣ ቆርቆሮው ራቁቱን እስኪቀር። ቁልፉን አዞርኩ። አልተነሳችም። ደግሜ አዞርኩ። አሁንም የለችም። ሦስተኛ ሳዞር፣ በዚያ ሳምንት ልትጠይቀኝ የመጣችው ሀሴት ከቤት እየሮጠች ወጥታ እጄን ያዘችና ቁልፉን ነቀለችው። ያን ጊዜ ነው ከእግሬ ሥር የነበረው ንዝረት ቀጥ ያለው። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተነስታ ነበር።

ሀሴት አልተቆጣችኝም። በአቧራማው የፊት መስታወት ላይ በጣቷ፣ ከሰኞ ጀምሮ ስጠራዎት እርስዎ ለካ … ብላ ጀመረችና አጠፋችው። ከዚያ፣ አባባ፣ ሦስቴ ጠራሁዎት ብላ ጻፈች። እኔም ከሥሩ አቤት ብዬ ጻፍኩላት። ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረችብኝ።

ቤተ ክርስቲያን ባለፈው ሰንበት ማስታወቂያ ሲነበብ በረጅሙ አሜን ያልኩትም ለዚሁ ነው። የተነበበው ስለ ጠፋ ጃንጥላ ነበር አሉ።

ገርባን ጠርቼ ወለሉን እንደገና አለበስነው። ለምን ነቀሉት አላለኝም፤ አንድ በአንድ መለሰው፣ ያንቺን በኩል እንደገና በድርብ። ቁልፉን ለሀሴት ሰጠኋት። እኔ ከእንግዲህ መሪ አልይዝም። ወንበሩም ሁለት ብቻ ስለሆነ አብሬያት ብመጣ አንቺ የምትቀመጪበት አይኖርም።

እሁድ ትመለሳለች። ብትመጪ እግርሽን ሳትሰበስቢ፣ እንደ ፈለግሽ ዘርግተሽ ትመጫለሽ። ለሀሴት የፈለግሽውን አጫውቻት፣ ሁሉንም ትሰማሻለች፤ ስለ እኔ ከሆነ ግን ግማሹን ቀንሺላት።

ባትመጪም አልፈርድብሽም። ብቻ መቂና ቡልቡላ መካከል ያልሽኝን በወረቀት ጽፈሽ ስጪልኝ። አጭር ነበር፤ ሁለት ወይም ሦስት ቃል፤ አፍሽን አይቻለሁ። ስድብም ከሆነ አታሳምሪው። ዓይኔ ገና በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባል፤ ፊደሉን አታተልቂው።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽና፣ እህትሽን ከማንኪያ ይጠብቃት፣ ያላችሁበትን ቤት በሰላም ይሙላው። መንገዱንም ለሀሴት የቀና ያድርግላት። እሁድ ከሰዓት በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ፤ መድረሳችሁን በዓይኔ ማየት አለብኝ።

የልጆችሽ አባት