በጋቢ የያዝኩት ፍሬን

ሰኞ
በግ ገጨሁ። ሌላ ምን ብዬ ልጀምር? የጎረቤቴን የእማማ አስካለን በግ፣ ያቺኑ ያለቻቸውን አንዷን።

ወንድሜ ጌታቸው ባጃጁን ለቆልኝ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። "እታለም፣ ዛሬ እስከ ድልድዩ አንቺ ንጂ" አለኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ የጽሑፍ ፈተናዬ እንኳ ገና የፊታችን ሰኞ ነው። ግን መንገዱ ጭር ብሏል፣ እኔም ልቤ አብጧል። በጉሙ ውስጥ በጓ ከገብሱ ማሳ ብቅ አለች። የሚያሳፍረኝን ልጻፈው፤ ፍሬን መርገጥ ትቼ የጋቢዬን ጫፍ አወዛወዝኩላት። "ዞር በይ! ዞር በይ አንቺ!" ዕድሜ ልኬን በግ ስነዳ የማውቀው ይህንን ነው። ጓ አለ። ተነስታ እያነከሰች ሄደች። ጌታቸው "አትቁሚ! ትራፊክ ከሰማ ፈተናሽ ቀረ፣ የእኔም ፈቃድ አብሮ ይሄዳል" አለ። ነዳሁ።

ማክሰኞ
እማማ አስካለ ግቢ ሰው ተሰብስቧል። ወጌሻው የበጓን እግር በሸምበቆ አስሮታል። ርጉዝ ናት። ይህን አላውቅም ነበር።

ሰው ሁሉ "የጋሼ ደምሴ ውሻ ነው፤ አምናም ጠቦት አሯሩጦ ገደል ከቷል" አለ። ጋሼ ደምሴ ውሻቸው ከአጥር እንዳልወጣ ማሉ፤ ማንም አላመናቸውም። እኔስ? እኔ በጓን ውሃ አጠጣሁ። "ተባረኪ የኔ ልጅ፣ አንቺ ለሰው ደራሽ ነሽ" አሉኝ እማማ።

ረቡዕ
ጥናት። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እንዲህ ተቀምጬ አንብቤ አላውቅም።
ሦስት ማዕዘን፣ ማስጠንቀቂያ።
ቀይ ክብ፣ ክልክል።
ስምንት ማዕዘን፣ ቁም። (እኔ መች ቆምኩ።)
አደባባይ ላይ ቅድሚያው የማን እንደሆነ አሁንም ይምታታብኛል።
ገጹን ስገልጥ፣ "አደጋ ያደረሰ አሽከርካሪ በመጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት?" መልሱን ሳላይ አወቅሁት። ደብተሩን ከድኜ ምስር ለቀማ ገባሁ።

ሐሙስ
ጋሼ ደምሴ ውሻውን በሰንሰለት አስረውታል። ሲያላዝን ዋለ። እስከ እሑድ ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ሊያስወግዱት ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥተዋል። እማማ አስካለ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲገዝቱላቸው ቄሱን ለምነዋል። ያደረገ፣ ያየ፣ የሰማ ይናገር፤ የደበቀ የተወገዘ ይሁን።
ከሴቶቹ ጋር ቆሜ "አሜን" ልል ነው እንዴ? በገዛ ራሴ ላይ?

ዓርብ
ለጌታቸው እናገራለሁ አልኩት።
"ለውሻ ብለሽ?"
"ውሻስ ምን በደለ?"
"ሰኞን ብቻ እለፊ፣ ከዚያ ትናገሪያለሽ።"
"ከሰኞ በፊት እሑድ አለ።"
"ግዝቱ እግር ላለው ነው፣ ጎማን አይመለከትም" አለኝ። ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ
ሦስት ጊዜ ከእማማ አስካለ ደጅ ተመለስኩ። በአራተኛው እማማ ራሳቸው ብቅ ብለው "ምን ጠፍቶብሽ ነው የምትዞሪው?" አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጋቢውንም ጭምር።

"ፍሬን እያለ በጋቢ?" አሉ፤ ሳቅ ሊያመልጣቸው ነበር። ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። "መግጨትሽን ይቅር ብያለሁ። ማክሰኞ ውሃ ያጠጣሽልኝን ግን ገና አልቻልኩም። ቄሱን እኔ አነጋግራለሁ። ለደምሴ ግን አንቺ ንገሪው፤ ስሙ በሰው ፊት እንደጠፋ በሰው ፊት።"

እሑድ
ተናገርኩ። ቄሱ ከመገዘታቸው በፊት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር፣ ሕዝቡ እንደተሰበሰበ። ከወንዶቹ መካከል ነጠላውን ያጣፋ የወረዳችን ትራፊክ ቆሟል፤ ያየሁት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ስጨርስ ከኋላ አንድ ድምፅ "እኔም አብሬ ነበርኩ፤ አትቁሚ ያልኳትም እኔ ነኝ" አለ። ጌታቸው! ወንድሜ።
ጋሼ ደምሴ ውሻውን ሊፈቱ ሄዱ።

ሰኞ
ተፈተንኩ። ትራፊኩ በር ላይ አግኝቶኝ "ፈተናሽን ተፈተኚ፤ ያለ ፈቃድ ስለነዳሽው ግን ረቡዕ ከወንድምሽ ጋር ቢሮ ትመጣላችሁ" አለኝ። እሺ አልኩ። ምን ሊያደርገን እንደሆነ አላውቅም። ያቺ የፈራኋት ጥያቄ አልመጣችም። አደባባይ ነው የመጣው፣ ሁለት ጊዜ። ውጤቱ ገና ነው።

ስመለስ በጋሼ ደምሴ ደጅ አለፍኩ። ሰላምታዬን አልመለሱም፤ አይፈረድባቸውም። ውሻው ግን ሮጦ መጥቶ ጅራቱን ቆላልኝ፣ እጄንም ላሰኝ። እሱ ምን ያውቃል። ከሁሉ የባሰብኝ ይሄ ነው።